«የአዲስ አበባ ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስልም»

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ቅዳሜ ቡና ላይ ተቀምጠን አራት ጓደኛሞች ተከራከርን። አንዱ ኢንጂነር፣ አንዷ ፋርማሲስት፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ እኔ ደግሞ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ነገሩን ያነሱት ከድሬዳዋ የመጡት አክስቴ ናቸው። የቦሎቄ ንፍሮ ጥደው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢጠብቁ አልበስል አላቸው። ‹የናንተ ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስልም› አሉ። ኢንጂነሩ ሳቀ። ‹ውሃ የትም ቢሄዱ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ቦሎቄው ያረጀ ነው› አላቸው። ፋርማሲስቷ ‹እሳቱን ጨምሩበት፣ ጨውም ጣል አድርጉበት› አለች። የኮምፒውተሩ ሰው ‹ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት› አለ። እኔ ዝም አልኩ። የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል ተባብለናል። ማን ነው ትክክል? በዚያው ደግሞ፣ ጀበና ዞር ያልን ለታ ብቻ የሚገነፍለው ለምንድን ነው?»

አክስትህ ትክክል ናቸው። ቀድሜ የምናገረው እስከ መጨረሻው የማታነቡ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል። የመፍላትን ነገር እንደ እሳቸው አሳጥሮ የነገረኝ ተማሪ ግን አላጋጠመኝም። አንዲት ቃል ብቻ ባርም፦ ውሃችን ያበስላል፤ ግን ይለግማል።

ከኢንጂነሩ ልጀምር። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ማለት ውሸት አይደለም። ጫፉ የተቆረጠ እውነት ነው። የተቆረጠው ጫፍ «በባሕር ጠለል ላይ» የሚለው ነው። መምህሩ ያኔ ሳይነግሩት አይቀሩም። እሱ ደብተሩ ላይ የጻፈው ቁጥሩን ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ደጋና ወይና ደጋ ላይ በሚኖርበት አገር ይህን ጫፍ መርሳት ለንፍሮ ጠንቅ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ 100 የሚባል ቁጥር ራሱ ታሪክ አለው። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ መለኪያውን በ1742 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ውሃ የሚፈላበትን ዜሮ፣ በረዶ የሚቀልጥበትን 100 ብሎት ነበር። ተገልብጦ አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው በኋላ ነው። ሰውየው ያኔውኑ ግን ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ያውቅ ነበር። ኢንጂነራችን ከሴልሺየስ በላይ ሴልሺየስ ሆኖ ነው የተከራከረው።

አሁን ወደ ድስቱ። የጠዋት ታክሲ ፌርማታ ላይ ሲቆም አስቡ። ውስጥ ያለው ሰው ሊወርድ ይገፋል። ውጭ ያለው ሊገባ ይገፋል። ውጭ ያለው ሰው ብዙ ከሆነ ለመውረድ ጉልበት ይጠይቃል። ውጭ ሰው ከሳሳ ደግሞ አንድ ሁለት ገፋ አድርጎ መውረድ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ እንፋሎትም እንዲሁ ነው። አረፋ ሆኖ ለመውጣት ከላይ የሚጫነውን አየር ማሸነፍ አለበት። ውሃው በሞቀ ቁጥር እንፋሎቱ የሚገፋበት ጉልበት ይጨምራል። የእንፋሎቱ ጉልበት ከአየሩ ጋር እኩል የሆነች ቅጽበት ውሃው ከሥር እስከ ላይ ይንተከተካል። መፍላት የምንለው ይህንን ነው። እንግዲህ መፍላት ራሱ የሙቀት ልክ አይደለም። ውሃና አየር እኩል የሚሆኑበት ቦታ ነው።

ባሕር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ ወደ 10.3 ቶን የሚመዝን አየር ተጭኗል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች ሩብ ያህሉን አየር ከእግሯ በታች ትታዋለች። እዚህ የሚጫነን ወደ 7.7 ቶን ነው። ስለዚህ የኛ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ «በቃኝ» ይላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 96 ላይ ይፈላል። በግምት ለመያዝ፣ በየ300 ሜትሩ ሽቅብ አንድ ዲግሪ ቀንሱ። ባሕር ዳር 94፣ ጎንደር 93፣ ደብረ ብርሃን 90 ተኩል ገደማ ይደርሳል። እንጦጦ ጫፍ ወጥቶ ሻይ ያፈላ ሰው ከ90 በታች የሆነ ሻይ ነው የጠጣው። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል እዚያ ንጹሕ ውሃ ከ100 ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚፈላው። በአንድ አገር ውስጥ ይህን ሁሉ ልዩነት ማግኘት ለፊዚክስ መምህር በረከት ነው። ለወጥ ሠሪ አይደለም።

ሌላም ላክልበት። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን አየር ላይ እያለ የጓዳው ግፊት ቢበዛ 1,830 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲጠበቅ ነው የተሠራው። ቦሌ ማረፊያው ራሱ ደግሞ 2,330 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ከቦሌ ተነስቶ ሰማይ ላይ የደረሰ ሰው በግፊት ቢታይ ወደ ታች ነው የወረደው። አክስትህ ንፍሯቸውን አውሮፕላኑ ላይ ጥደው ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይደርስላቸው ነበር። አስተናጋጆቹ ይፈቅዱላቸዋል አላልኩም።

ዲያስፖራዎቹም ይህን በራሳቸው ድስት ያውቁታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዋሽንግተን ሄዶ እናቱ በሚያበስሉበት ደቂቃ ምስር ቢያበስል ገንፎ ይሆንበታል። «የዚህ አገር ምስር ጥሩ አይደለም» ይላል። ምስሩ ምን ያድርግ? እድሜ ልኩን በ92 ሲቀቀል የኖረን የእጅ ልምድ ይዞ 100 ላይ ነው የጣደው። ዴንቨር ያሉት እድለኞች ናቸው። እዚያ 1,600 ሜትር ስለሆነ ውሃው 95 ሳይሞላ ይፈላል፤ ጨርሶ አገር ቤት ባይሆንም ይቀርባል።

«ታዲያ ስምንት ዲግሪ ምን አላት?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው አክስትህ ከአራታችሁም የተሻሉት። ባቄላና ቦሎቄ የሚለሰልሱት በውስጣቸው ሴሎችን እንደ ሙጫ ያጣበቀው ፔክቲን የሚባል ነገር ሲሟሟ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ለሙቀት ስስ ነው። ሻካራ ግምት ውሰዱ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይቀንሳል። በዚህ ሂሳብ ድሬዳዋ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ቦሎቄ አዲስ አበባ ላይ ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሊፈጅ ነው። አክስትህ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የተማረሩት። ይህ ስሕተት አይባልም፤ እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ከዚህ የባሰ ውጤት ተቀብዬ አውቃለሁ።

እንቁላል ግን ይህን ያህል አይጎዳም። ነጩ ከ60 ዲግሪ በላይ መርጋት ጀምሮ 80 ላይ ጥንክር ይላል፤ አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ባለው ይይዛል። 92 ለሁለቱም ይበቃል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩበት፣ አለቀ።

ከአክስትህ በፊት በዚሁ ነገር የተማረረ አንድ የታወቀ ሰው አለ። ቻርልስ ዳርዊን በመጋቢት 1835 እ.ኤ.አ. የደቡብ አሜሪካን የአንዲስ ተራሮች ሲያቋርጥ ድንች ጥደው አደሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ ያደረ ድንች ጠዋት ጥሬ ነበር። አብረውት የነበሩት ሁለት ሰዎች ጉዳዩን ተወያዩበት። መደምደሚያቸው፦ ድስቱ አዲስና የተረገመ ስለሆነ ድንች ማብሰል አልፈለገም። ዳርዊን ምክንያቱ የአየር ግፊት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ቁርሱን ግን ያለ ድንች ነው የበላው። አክስትህ ውሃውን እንጂ ድስቱን አልወቀሱም። በዚህ ከዳርዊን ባልደረቦች ይበልጣሉ።

ወደ ፋርማሲስቷ እንለፍ። ሁለት ነገር ነው ያለችው፤ እሳትና ጨው።

እሳት መጨመር ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው። እኔም ቤት ይሠራል። ማን እንደሚሠራው አልናገርም። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 92 ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን ወደ 2,280 ኪሎ ጁል ይፈልጋል፤ ሰባት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ የምትጨምሩት እሳት ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ውሃው 92 ላይ ቆሞ እንፋሎቱ ብቻ ይበዛል። መስኮቱ ያልበዋል፤ ሲሊንደሩ ያልቃል፤ ቦሎቄው ያው ቦሎቄ ነው። እሳቱን ቀንሳችሁ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ ብትተዉት በዚያው ሰዓት ይደርሳል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፤ በጋዝ ዋጋ ይካስላችኋል።

ጨው ደግሞ የሚያስቅ ነው። ጨው የውሃን መፍያ ከፍ ማድረጉ እውነት ነው። ግን ስንት? አንድ ሊትር ውሃ ላይ 58 ግራም ጨው ብትጨምሩ የምታተርፉት አንድ ዲግሪ ነው። 58 ግራም ማለት ወጡን የሚበላው ሰው ከማዕድ የሚነሳበት ጨው ነው። የጎደሉንን ስምንት ዲግሪዎች በጨው ለመመለስ ውሃው ከዚህ በላይ አልሸከምም እስኪል መጨመር አለባችሁ፤ በሊትር 400 ግራም ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ያኔ አዲስ አበባ ላይ 100 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ውሃ አላችሁ። ንፍሮ ግን የላችሁም። ይህን በነፃ የሚሠራ ቦታ እዚሁ አገራችን አለ። የዳሎል ፍል ውሃ በጨው የጠገበ ስለሆነ እስከ 108 ዲግሪ የደረሰበት ተለክቷል። ከዚያ ላይ አሲድ ስለሆነ ቦሎቄ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ሆኖም ልጅቷን ሙሉ በሙሉ አልጥላትም። ሳታስበው ትክክል የሆነችበት ቦታ አለ። ቦሎቄውን ማታ ስትዘፈዝፉ ውሃው ላይ ትንሽ ጨው ብታደርጉ ጠዋት ቶሎ ይለሰልሳል። ምክንያቱ መፍያው አይደለም። የጨው ሶዲየም ፔክቲኑን አጥብቆ የያዘውን ካልሲየም ይተካዋል። ሙጫው ይላላል። ውሃችሁ ብዙ ካልሲየም ያለበት ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ያጠነክረዋል። ቲማቲምና ሎሚም ከመብሰሉ በፊት ከገቡ ያዘገዩታል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ነው የሚገቡት። ቤኪንግ ሶዳ ያለሰልሳል፤ ግን ቢ1 የሚባለውን ቫይታሚን ይበላዋል፤ ጣዕሙንም የሳሙና ሳሙና ያደርገዋል። እኔ አልወደውም።

ኢንጂነሩም እዚህ ጋ ግማሽ ማርክ ያገኛል። «ቦሎቄው ያረጀ ነው» ማለቱ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ሞቃትና እርጥብ ቦታ ለወራት የተቀመጠ ጥራጥሬ በእርግጥ ጥንክር ይልና ለመብሰል ያስቸግራል። ችግሩ ይህን ለማለት ፊዚክሱን መካዱ ነው።

አሁን ድንጋይ። የኮምፒውተሩ ሰው በሐሳብ ደረጃ ከሁላችሁም ወደ መፍትሔው የቀረበው እሱ ነው። ስሌት አልሠራም እንጂ። የአየሩ ጫና ካነሰን እኛው እንጫን ነው ያለው። እስኪ እንጫን። ድስቱ አፉ 24 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አምስት ኪሎ ድንጋይ ብታስቀምጡበት፣ ክዳኑ ምንም አየር የማያስወጣ ቢሆን እንኳ፣ የምታገኙት ግማሽ ዲግሪ አይሞላም። 100 ላይ ለመድረስ ወደ 117 ኪሎ ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ክዳኑ ላይ ጭናችሁ፣ በጤፉ ላይ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ታስቀምጣላችሁ ማለት ነው። ልጁ ደግሞ ሁለት ሰዓት አይቀመጥም።

ክዳን ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ክደኑ። እንፋሎቱ ሲመለስ እሳት ይቆጥባል፤ ላይ ላይ የሚንሳፈፈውም እኩል ይበስላል።

በጤፍ ኩንታል ምትክ ክዳኑን በብሎን የጠረቀመው ዴኒ ፓፒን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1679 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተጠረቀመ የብረት ድስት ሠርቶ ለሳይንስ ሰዎች አሳየ። እንዳይፈነዳ ደግሞ ትርፉን እንፋሎት የሚያስተነፍስ ክብደት ያለበት ቀዳዳ አበጀለት። በ1682 ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አባላት ከዚያ ድስት የወጣ ራት በሉ። በራቱ ላይ ከነበሩት አንዱ አጥንቱ እንደ አይብ ለስልሶ እንደነበር ጽፏል። ሳይንስ ወዳድ ጓደኛሞች ተሰብስበው በምግብ መቀለድ እንግዲህ የናንተ ፈጠራ አይደለም። ዛሬ ፕሬዠር ኩከር የምንለው የዚያ ድስት ልጅ ነው። ከውጭው አየር በላይ አንድ ባሕር ጠለል የሚያህል ግፊት ይጨምራል። ባሕር ዳርቻ ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ከዝቅተኛ ስለሚነሳ 117 ገደማ ይሆናል። ከ92 ወደ 117 መዝለል ለቦሎቄ ሌላ ዓለም ነው፤ የተዘፈዘፈ ከሆነ ሠላሳ ደቂቃም ላይፈጅ ይችላል። ፉጨቱ የሚያስፈራችሁ ብትኖሩ፣ ማስተንፈሻው እየሠራ መሆኑን የምታውቁት በእሱ ነው። ፀጥ ሲል ነው መጠራጠር። በባቄላ ልጣጭ እንዳይደፈን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት። ለጥራጥሬ እንዲያውም ግማሽ ይበቃል።

ፋርማሲስቷ ላይ አሁን ቅሬታ አለኝ። የሕክምና ዕቃ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ እኮ ያው ፕሬዠር ኩከር ነው። 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ የሚባለውን በልቧ የምታውቀው እሷ ናት። እሳት ጨምሩ ከማለት «ግፊት ጨምሩ» ማለት ነበረባት። በዚያውም፣ አዲስ አበባ ላይ የግፊቱን መርፌ ብቻ አይቶ «121 ደርሷል» ማለት ያሳስታል። መርፌው የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። የኛ አየር ደግሞ ሩቡ የለም።

ይህን ሲሰሙ «ታዲያ 92 ዲግሪ ጀርም ይገድላል?» ብለው የሚጨነቁ አሉ። ይገድላል። ወተት 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ነው የሚታከመው። የመጠጥ ውሃ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ነው የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት የሚመክሩት። ሦስት ደቂቃ ማንንም አትጎዳም።

ከዚህ በላይ ልቆይበት የምፈልገው ነገር ግን ቁሌት ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ግን ከፍታ ምንም የማያደርገው ምግብ አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ቁሌት ነው።

ሽንኩርት ከትፋችሁ ድስት ላይ ስትጥሉት መጀመሪያ የሚሆነው ማላብ ነው። አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። ያ ውሃ እስካለ ድረስ ድስቱ ከ92 ብዙም አያልፍም። የፈለጋችሁትን ያህል እሳት ብትለቁ ሽንኩርቱ ነጭ እንደሆነ ይቀቀላል። ውሃው ሲያልቅ ግን የሚያስቆመው የለም። ሙቀቱ ሽቅብ ይሮጣል። 140 አካባቢ ሲደርስ ስኳሩና ፕሮቲኑ ተያይዘው ይቀላሉ፤ ያ የዶሮ ወጥ ሽታ የምንለው ይወለዳል። ትንሽ ከዘገያችሁ ደግሞ ያርራል። ሴቶቹ በዚህ ሰዓት ምን ያደርጋሉ? ጠብታ ጠብታ ውሃ ጣል ያደርጋሉ። በዚያች ጠብታ ድስቱን ወደ 92 ይመልሱታል። ውሃው ይተናል፤ እንደገና ይወጣል፤ እንደገና ይመለሳል። በርበሬ ሲገባም እንዲሁ ነው። ያለ ቴርሞሜትር፣ ያለ ኤሌክትሮኒክስ፣ በጭልፋና በአንድ ስኒ ውሃ ብቻ ከ92 እስከ 140 ያለውን ሙቀት ይነዳሉ። ተማሪዎቼ ይህን ሥራ በሽቦና በሴንሰር ለመሥራት አንድ ሴሚስተር ይፈጅባቸዋል።

ዘይትና ቅቤ እዚህ ሙቀት ላይ አይፈሉም። ስለዚህ የአየሩ ግፊት አይመለከታቸውም። እንግዲህ እሳት መጨመር ዋጋ ያለው ማቁላላት ላይ ነው። ንፍሮ ላይ አይደለም።

ወደ ቡናው። ቡና የሚያፈሉ ባለሙያዎች ለተፈጨ ቡና ጥሩ የሚሉት ውሃ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ያለው ነው። ባሕር ጠለል ያሉ ሰዎች ውሃውን አፍልተው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። እኛ ጋ የፈላ ውሃ ራሱ 92 ነው። ቡናችን የሚበቅልባቸው ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ያሉ ቦታዎች ላይ ደግሞ 95ና 93 ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ትልቅ ተረት እንዳትሠሩ። አጋጣሚ ነው። ደስ የሚል አጋጣሚ ግን ነው።

ጀበናው ዞር ስትሉ ብቻ አይገነፍልም። እያያችሁት ሊገነፍል ሲል ታነሱታላችሁ፤ ስለዚህ የምታስታውሱት ያላያችሁትን ብቻ ነው። የሚገነፍልበት ምክንያት ግን እውነተኛ ነው። ቡና ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችና ሌሎች ትልልቅ ሞለኪውሎች አረፋውን እንደ ሳሙና ያጠነክሩታል። ተራ ውሃ ላይ አረፋ ወዲያው ይፈነዳል። ቡና ላይ ይደራረባል። ከሰፊ ሆድ ወደ ጠባብ አንገት ሲገባ የሚሄድበት የለም፤ ሽቅብ ብቻ ነው። እናም ሸክላው ሙቀት ያከማቻል። የብረት ድስት ከእሳት ስታነሱት ቶሎ ይረጋጋል። ጀበና ግን ከክሰሉ ላይ አንስታችሁ ማቶቱ ላይ ብታስቀምጡትም ለጥቂት ጊዜ መፍላቱን አይተውም። አፍይዋ ወደ ስኒ ቀድታ መልሳ የምትጨምረው ለዚህ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለው ቡና አረፋውን ያወርደዋል።

የምታምኑት ያያችሁትን ብቻ ከሆነ ሙከራ ልስጣችሁ። ፋርማሲስቷ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ታምጣ። ጣት የማያቃጥል ግን ትኩስ የሆነ፣ ከ50 ዲግሪ ያላለፈ ውሃ እስከ ሩቡ ሳቡበት። አየሩን አስወጡ። ጫፉን በጣት ድፈኑና መግፊያውን ወደ ኋላ ጎትቱ። ውሃው እጃችሁ ላይ ይፈላል። ማንም አልተቃጠለም። ኢንጂነሩ ይህን ሲያይ ፊቱን እዩልኝ።

ድስቱን መለካት ከፈለጋችሁ ደግሞ ለምግብ የሚሆን ባለ ዘንግ ቴርሞሜትር ተጠቀሙ። የትኩሳት መለኪያ እንዳትከቱ። እኔ ተማሪ ሳለሁ በጉጉት ብዛት ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከትቼው ፈነዳ። ሜርኩሪ ነበር። ሻዩ ተደፋ፤ ማንቆርቆሪያውም ተጣለ። እናቴ ስለ ፊዚክስ ያላቸው አስተያየት ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተሻሻለም። በርቀት የሚለካው ባለ ጨረር መሣሪያም የሚያብረቀርቅ ድስት ላይ ይዋሻል። በደንብ የሚለካ ቴርሞሜትር ካላችሁ ግን አንድ የሚያዝናና ነገር ታያላችሁ። የአየሩ ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በኛ ሰዓት አቆጣጠር አራት ሰዓት ገደማ ይጨምራል፣ አሥር ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። የጠዋት አራት ሰዓት ውሃ ከከሰዓት በኋላው የአሥር ሰዓት ውሃ በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ያህል ሞቅ ብሎ ይፈላል። ለንፍሮው ምንም አይፈይድም። ለክርክር ግን አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ስለ ውርርዱ ፍርዴ እንዲህ ነው። ኢንጂነሩ ግማሹን ይክፈል። ፋርማሲስቷ በእሳቱ ተሸንፋለች፣ በጨው በአጋጣሚ ተርፋለች፤ ሩቡን ትክፈል። የኮምፒውተሩ ሰው ሐሳቡ ትክክል ስለሆነ፣ ጤፉን ስላልመዘነ ደግሞ ለስላሳውን ይያዝ። አንተ ዝም ስላልክ ቀሪው ሩብ የአንተ ነው። አክስትህ አይከፍሉም፤ መጀመሪያ የሚጎርሱት እሳቸው ናቸው። ክትፎውን ጥሬ ካዘዛችሁ ከፍታው አያገባውም። ለብለብም ካላችሁ በቅቤ ነው፤ ቅቤ ደግሞ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን አይለይም።